እርሳሱና የጓሮው በር

መክፈቻው ሩብ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቁልፉ ጮኸ። ጩኸቱም የዋዛ አልነበረም፤ ከላይ ከአምባው እስከ ታች እስከ ምንጩ ድረስ ያለ ሰው ሁሉ የሰማው መሰላትና ወለተ ጊዮርጊስ ትከሻዋን ሰብስባ ዐይኗን ጨፈነች። እናቷ ወይዘሮ ይርጋለም የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ጎረቤት ቤት አየች።

«ሰማኸው፣ ሸሪፍ ወንድሜ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ጎረቤቴ ‹ጎሕ ሲቀድ ጓሮሽ የሚጮኸው ምንድን ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ዶሮዬ ናት አልኳት። እንዲህ የምትጮህ ዶሮ የት አገር አለች?»

ሸሪፍ በሩ ሥር ተንበርክከው ጆሯቸውን ከብረቱ ላይ ለጥፈዋል። የአልዩ አምባ ነጋዴ ናቸው፤ መርፌና ጨው፣ ቁልፍና ማጠፊያ እየሸጡ የአንኮበርን ዳገት ሲወጡ ሲወርዱ ጢማቸው ሸብቷል። ይህንንም ቁልፍ ከሃያ ዓመት በፊት ለወለተ ጊዮርጊስ አባት ለመሪጌታ ወልደተንሣኤ የሸጡት እሳቸው ነበሩ። መሪጌታ ጣልያን በገባ በመጀመሪያው ክረምት ሞቱ። ሸሪፍ ግን የወዳጃቸውን ቤት አልረሱም፤ በሰፈሩ ባለፉ ቁጥር ጎራ ሳይሉ አይሄዱም። ስለ ቁልፍ ሲያወሩ ደግሞ ሰው ስለ ልጆቹ የሚያወራውን ያህል ነው፤ የትኛው እልኸኛ እንደሆነ፣ የትኛው ብርድ እንደማይችል ያውቃሉ።

«አልሞተም፣ እሜቴ» አሉ። «ደርቋል እንጂ። ሆዱ ውስጥ የሃያ ዓመት ጥቀርሻ ተቀምጧል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዛሬውኑ እናጥበዋለን።»

ነገሩ የአንድ በር ጩኸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ጉዳዬ አይለውም ነበር። ነገር ግን በዚያ በር የሚወጣና የሚገባ ሰው ነበረ። የወለተ ጊዮርጊስ ታላቅ ወንድም ዘርአ ዳዊት ከአርበኞች ጋር ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል። ከክረምቱ ወዲህ ሳል ስለያዘው በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሊነጋጋ ሲል በጓሮ በኩል ይመጣል፤ ትኩስ ነገር ይቀምሳል፣ ጓዳ ውስጥ እስከ ቀትር ይተኛል። ወታደር በፊት ለፊት ከመጣ በጓሮው በር ይወጣል፤ ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ወረድ ሲባል የጽድ ጫካ ነው። እናቷ ከኋላው ትቆልፍና መክፈቻውን ዱቄት ውስጥ ትቀብረዋለች። በሩን ክፍት ትተው እንዳይጠብቁት ደግሞ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ አንዳንድ ጊዜ በጓሮ በኩል ሰተት ብለው ይገባሉ። ሽፍታ የተገኘበት ቤት እንደሚቃጠል በአዋጅ ተነግሯል። ስለዚህ ያ ቁልፍ ፈጥኖ መከፈትና ዝም ማለት ነበረበት።

ሸሪፍ ቁልፉን ከበሩ ነቀሉት። ላምባ በነካ ጨርቅ ሆዱን ሲያጥቡት የወጣው እጣቢ እንደ ቀለም የጠቆረ ነበር። እናቷ ቆሎ ልታመጣላቸው ወደ ምድጃው ሄደች፤ ስትሄድም፦

«ቅቤ እንዳትለኝ ብቻ!» አለች። «ዘወረደ ገብቷል፤ የቅቤውን ዕቃ ሁሉ አጥቤ ሰቅያለሁ። ቁልፍም ቢሆን በቤቴ በሁዳዴ ቅቤ አይቀባም።»

«ቢፈቀድልኝም አልቀባውም» አሉ ሸሪፍ ለወለተ ጊዮርጊስ ዝቅ ብለው። «እኛ ቆላ ቁልፉን በቅቤ ነው የምናሳድረው። ሙቀት ነው፣ ቅቤው አይረጋም። የአንኮበር ውርጭ ግን ሌላ ነው። እዚህ ቅቤ ብትቀቢው በማግስቱ ሰም ሆኖ ታገኚዋለሽ። የበግ ላትም ያው ነው።»

«ቅባኑግስ፣ ጋሼ ሸሪፍ? እሱ የጾም ነው።»

«እሱማ ከሁሉም ይብሳል፣ ልጄ። የቅባኑጉ ቅል አፉ ላይ ሲሰነብት ምን ይሆናል?»

«ይጣበቃል።»

«አየሽ! ለሰሞኑ ቁልፉን እንደ ማር ያዞርልሻል፤ ታመሰግኚዋለሽ። ወር ሲሞላው ግን ከአቧራውና ከጢሱ ጋር ተጋግሮ ሙጫ ይወጣዋል። ያን ጊዜ ወላሂ እንኳን መክፈቻ መጥረቢያም አይመልሰው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ሸሪፍ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስል ፈገግ አሉ። «የጽሕፈት እርሳስ» አሉ። «ሐረር ሳለሁ አንድ አርመን ነው ያሳየኝ። ጥቁሩን አንጀቱን ታወጪና በድንጋይ ታልሚዋለሽ፤ ከዚያ በቀሰም አድርገሽ ወደ ቁልፉ ሆድ እፍ ነው። አይረጋም፣ አይደርቅም፣ አቧራ አይዝም። ጾምም ፍስክም አይለይ!» ሳቅ አሉና ወዲያው ፊታቸው ኮስተር አለ። «ግን እርሳስ ዛሬ ከየት ይመጣል?»

እናቷ የቆሎውን ሰፌድ ይዛ በጓዳው ደፍ ላይ ቆማ ነበር። «እርሳስማ አለ» አለች። «ወለተ ጊዮርጊስ አላት።»

ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ አየች።

እርሳሱ ቀይ ነበር፤ ርዝመቱ እንደ መሐል ጣቷ። ዘርአ ዳዊት ከጦርነቱ በፊት ደብረ ብርሃን ሲማር መምህሩ የሸለሙት ነው። ትምህርቱ ሲቀር ለእሷ ሰጣት፤ ፊደሉን ከአባቷ ብትቆጥርም መጻፍን ያስተማራት ወንድሟ ነው። ወረቀት አልቸገራቸውም፤ ጣልያን ‹እጃችሁን ስጡ› እያለ ከአውሮፕላን የሚበትነውን ወረቀት እየለቀመች ጀርባው ላይ ትጽፍበታለች። የምትጽፈውም የሰው ስም ነበር። ዘርአ ዳዊት በመጣ ቁጥር ከጓደኞቹ የወደቁትን ይነግራታል። «ተዝካር የሚያወጣላቸው ቢጠፋ እንኳ ስማቸው አይጥፋ» ይላታል። እስካሁን ሃያ ሦስት ስም ጽፋለች። በዚያች አገር ሁሉም ነገር በተቃጠለበት ጊዜ የራሷ የምትለው ነገር ያ እርሳስ ብቻ ነበር።

ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሸሪፍ እያገላበጡ አዩትና የልጅቱን ፊትም አዩ።

«ሙሉውን አልወስድብሽም» አሉ። ከጫፉ ሲሶውን ለክተው በሰንጢያቸው እንጨቱን ቀለበት አድርገው ቆረጥ አደረጉበት። «እስከዚህች ምልክት ብቻ ነው። የቀረው ያንቺ ነው።»

እሳቸው ራሳቸው ሊፈጩት ነበር፤ ነገር ግን የኬላው ሰዓት ደረሰባቸው። የይለፍ ወረቀታቸው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አያሳልፍም። ቁልፉን ወደ በሩ መልሰው መቱና ቀሰሙን ለወለተ ጊዮርጊስ ሰጧት። «አደራ፣ እርጥብ ነገር እንዳይነካው» ብለው ከአህያቸው ጋር ቁልቁለቱን ወረዱ።

እናቷ ለማታ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ወለተ ጊዮርጊስ ድንጋዩንም ቢላዋውንም አቀረበች። ቢላዋውን እርሳሱ ጫፍ ላይ አሳረፈች፤ አነሣች፤ እንደገና አሳረፈች። ሲሶው ስንት ስም ይሆናል እያለች ታስብ ነበር። እንዲያው ብረት ውስጥ ተነፍቶ የሚቀር! የቅባኑጉ ቅል ከመደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ያያታል። ወር ማለት ሩቅ ነው፤ ከወር በፊት ጋሼ ሸሪፍ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ያን ጊዜ የሚሆነው ይሆናል አለች። ደግሞስ ሽማግሌ ነገር ማክበድ ይወዳል።

አንዲት የዶሮ ላባ ቅባኑጉ ውስጥ ነከረችና በመክፈቻው ቀዳዳ አስገባቻት። ደገመች። ሦስተኛም አከለች፤ ከጀመርኩ አይቀር በደንብ ይሁን ብላ። መክፈቻውን አስገብታ ብታዞረው ቁልፉ ተነፈሰ እንኳ አይባልም፤ ምላሱ ጸጥ ብሎ ወጣ፣ ጸጥ ብሎ ገባ። ያን ጊዜ የተሰማት ደስታ ከልብ ነበር፤ በሩም እርሳሱም ተረፉላት።

እናቷ ተመልሳ ሞከረችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አዞረች፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

«እርሳሱን አደረግሽው?»

«አደረግሁት።»

«የኔ ልጅ!» አለችና ራሷን ሳመቻት። «ምን ያህል እንደምትወጅው አውቃለሁ እኮ። እግዜር በሌላ ይካስሽ።»

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ የወለተ ጊዮርጊስ ሆድ ግን ለአንዲት እርሳስ ጠበበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእናቷ ፊት መጻፍ አልቻለችም፤ እርሳሱ ሲሶው መጉደል ነበረበት፣ አልጎደለምና። ዘርአ ዳዊት መጥቶ «ዛሬ ሁለት ስም አለሽ» ሲላት «በቃሌ እይዘዋለሁ፣ ኋላ እጽፈዋለሁ» ትለዋለች። ልታድነው የዋሸችለት እርሳስ ከስንጥቁ አልወጣ አለ። ይህን ስታስበው እንኳ ትናደድ ነበር፤ በማን እንደምትናደድ ግን አታውቅም።

«የሸሪፍ እጅ ይባረክ» ይላል ዘርአ ዳዊት በገባ ቁጥር። ቁመቱ ረጅም ነው፣ በጓዳው ጉበን ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል። «ወለቴ፣ በዚህ በር ስገባ እኮ እኔ ራሴ መግባቴን አልሰማውም።» ሳሉ ግን አልተሻለውም። እናቷ ደረቱን በትኩስ ጨርቅ ትተኩስለታለች፤ ወለተ ጊዮርጊስ ደጅ ትጠብቃለች።

በመጻጉዕ ሰንበት ማግስት መክፈቻው ትንሽ እንቢ ብሎ ዞረ። እናቷ አልነቃችም፤ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ነቃች። ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አፏን ከፈተችም። ነገር ግን እናቷ ራሷን የሳመቻት ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና እናቷ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ላባዋን እንደገና ነከረች። ቁልፉ ላላ፤ እሷም ልቧ ላላ። ጋሼ ሸሪፍ ሰሞኑን መምጣታቸው አይቀርም አለች። ሸሪፍ ግን ገበያው ተዘግቶባቸው ያን ሰሞን አልመጡም።

ደብረ ዘይት በዋለ በማክሰኞው፣ ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይለቅ ውሾቹ ጮኹ። ወለተ ጊዮርጊስ ከደጅ እየሮጠች ገባች። «አስካሪዎች ናቸው! ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው፤ ሦስተኛው ቤት ደርሰዋል!»

ሦስት ቤት ማለት ብዙ ጊዜ ነው፣ በሩ ለሚከፈትለት ሰው። ዘርአ ዳዊት ከመደቡ ተነሥቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ፤ የቸኮለም አይመስልም። እናቷ መክፈቻውን ከዱቄቱ አውጥታ ጠረገችና ቀዳዳው ውስጥ ከተተችው። ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ገፋችው፤ ገባ። አዞረችው፤ አልዞረም።

«ምን ሆነ?» አለ ዘርአ ዳዊት።

«እኔ እንጃ። ትናንት እኮ...» ዘርአ ዳዊት ሳሉ ጸንቶበት ከእሑድ ንጋት ወዲህ ጓዳ ውስጥ ተኝቶ ስለነበር ትናንት ማንም አልነካውም ነበር። ሌሊቱ ደግሞ ከባድ ብርድ አሳድሯል። እናቷ በሁለት እጇ ታገለችው፤ ጣቷ ተላጠ። ዘርአ ዳዊት ተቀብሎ ሞከረ። ብረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሳብ አደረገና መልሶ ያዘ።

ወለተ ጊዮርጊስ ገብቷታል። ከሁሉ በፊት ገብቷታል። «ወንድም ጋሼ፣ ስጠኝ፣ ላሙቀው» አለች። መክፈቻውን ነጥቃ ወደ ምድጃው ሮጠች፤ ፍሙ ውስጥ ወሸቀችው፤ በነጠላዋ ይዛ ተመለሰች። እጇ ሲቃጠል አልተሰማትም። የጋለውን መክፈቻ ሲያስገቡት የኑግ ሽታ ሽው አለ፣ የቁልፉ ምላስ የጥፍር ያህል ፈቀቅ አለ። ዘርአ ዳዊት አፈፍ አድርጎ አዞረው። መክፈቻው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ከቀጣዩ ግቢ የአስካሪዎቹ ድምፅ ተሰማ። ዘርአ ዳዊት የተሰበረውን መክፈቻ መዳፉ ላይ አድርጎ ለአፍታ አየው። ትከሻውን በሩ ላይ ሊያሳርፍ ተዘጋጀና ተወው፤ የዝግባ ሳንቃ ነው፣ ቢሰበርም ድምፁ ይጠራቸዋል።

«ቤት ውስጥ ካገኙኝ ያቃጥሉባችኋል» አለ። «እማዬ፣ ልቀቂኝ።» እናቷ ጋቢውን ጨምድዳ ይዛለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። በወለተ ጊዮርጊስ አጠገብ ሲያልፍ ራሷን ዳሰስ አደረጋት። «ስሞቹን ጻፊያቸው፣ ወለቴ» አላት።

በፊት ለፊት በር ወጣ። የጎረቤቱን አጥር ዘሎ እንጨት ክምሩ ጋ ሲደርስ ያዙት፤ ሳል ያለበት ሰው ምን ያህል ይሮጣል? ሲደበድቡት ከጫካ መውረዱ እንደሆነ፣ የማንም ቤት እንዳልገባ ሲምልላቸው ወለተ ጊዮርጊስ ትሰማ ነበር። እንዲያም ሆኖ ቤቱን ፈተሹት። ምንም አላገኙም። አንዱ አስካሪ የጓሮውን በር ቢገፋው እንቢ አለው፤ መጥረቢያ አስመጥቶ ፈለጠው። ቁልፉ የተሰበረውን መክፈቻ ሆዱ ውስጥ እንደያዘ መሬት ላይ ወደቀ። በሩ ሲከፈት ጓሮው ወለል ብሎ ታየ፤ ሣሩ፣ ጉሙ፣ ከሃያ እርምጃ በኋላ ደግሞ ጫካው።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ወለተ ጊዮርጊስ ቁልፉን አነሣችው። ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ስታስገባ ቢጫ የተቀላቀለበት ጥቁር ሙጫ ተጣብቆባት ወጣ። አሸተተችው። ከዚያ ቁልፉን ግድግዳ ጥግ አስቀምጣ የእናቷን ጣት ልታጥብ ሄደች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የእናቷ ወንድም ገብረ ጻድቅ መጡ። ማገዶ የጫነች አህያ እየነዱ ገበያተኛ መስለው ነው የገቡት፤ ሰውየው ግን የዘርአ ዳዊት አለቃ ነበሩ። ፊታቸው ጠቁሯል። መደቡ ላይ ተቀመጡና የቀረበላቸውን ሽሮ ሳይነኩ፦

«ደብረ ብርሃን አውርደውታል» አሉ። «ቅዳሜ በገበያው ይሰቀላል። ልንደርስለት አልቻልንም፣ ይርጋለም። አርባ ጠበንጃ ይዘን ስንት መቶ ወታደር ካለበት ከተማ አንገባም። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

እናቷ አላለቀሰችም። ከማክሰኞ ወዲህ ማልቀስ ትታለች፤ ዐይኗ ብቻ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ወለተ ጊዮርጊስ ይህን ዝምታ ከልቅሶው ይልቅ ፈራችው።

ገብረ ጻድቅ ጥግ ያለውን ቁልፍ አነሡና ወደ ደጁ ብርሃን አስጠጉት። በጩቤያቸው ጫፍ ሆዱን ጫር ጫር አደረጉ። «ይኸው» አሉ። «ሙጫ ነው። ይህ በራሱ የመጣ አይደለም፣ ሰው ያፈሰሰው ነው። ልጁ ከመያዙ በፊት ይህን ቁልፍ የፈታው ማን ነው?»

«ሸሪፍ ነው» አለች እናቷ በቀስታ። «ግን ሸሪፍ...»

«ሸሪፍ የጣልያን ይለፍ ወረቀት የያዘ ነጋዴ ነው። ኬላው ያሳልፈዋል፣ ሌላውን ይመልሰዋል። ለምን ይመስልሻል?»

«የባሌ ወዳጅ ነው። ልጄ ራሷ እርሳስ ፈጭታ ነው ያደረገችበት።»

«ከእርሳሱ በፊት ምን እንደጨመረበት ማን አየ? አንቺ አየሽ?»

እናቷ ወደ ምድጃው አየች። ቆሎ ልታመጣ መሄዷ ትዝ ያላት መሰለ። «እኔማ ምድጃው ጋ ነበርኩ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋም ተለወጠ። ሰው ሐዘኑን የሚጥልበት ሲያገኝ ድምፁ እንደዚያ ይሆናል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ገብረ ጻድቅ። «ነገ ዓርብ ገበያው ሊከፈት ነው፣ ሸሪፍም ዳገቱን ይወጣል። የጫካ ልጆቼ መታጠፊያው ላይ ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ የማንንም ቁልፍ አይፈታም።»

ሸሪፍ ዳገቱን ሲወጡ መታጠፊያው ጋ አህያቸውን ያሳርፋሉ። ወለተ ጊዮርጊስ በልጅነቷ እዚያ ድረስ ሄዳ ትቀበላቸው ነበር፤ ቴምር ከኪሳቸው አውጥተው ይሰጧታል። የቆሙበትን ድንጋይ ሳይቀር ታውቀዋለች።

ዝም ካለች ማንም አያውቅም። መክፈቻው ተሰብሯል፣ ሸሪፍ ከነገ በኋላ አይናገሩም፣ ቅባኑጉም ቅሉ ውስጥ ነው። ብትናገር ደግሞ ምን ይመጣል? ዘርአ ዳዊት ቅዳሜ ይሰቀላል፤ እውነቱ ከገመዱ አያወርደውም። የሚቀራት አንድ እናቷ ናት፣ እሷም ከዛሬ በኋላ እንደ ልጅ አታያትም። ይህን ሁሉ ወለተ ጊዮርጊስ ቆማ አሰበችው፤ አንዱም ሐሰት አልነበረም።

ገብረ ጻድቅ ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ። «በርቺ» አሉ ለእኅታቸው። «እኛም ገና አልጨረስን።»

ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ግድግዳው ሄደች። ከስንጥቁ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣች፤ ጨርቁን ፈታች። ወደ እናቷ መጥታ ተንበረከከችና እርሳሱን ጣቷ በተላጠው እጇ ላይ አኖረችው።

እናቷ በመጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ማንበብ አትችልም፣ እርሳስ በእጇ ይዛ አታውቅም። አውራ ጣቷ ግን በእንጨቱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ የሸሪፍ ሰንጢ የቆረጠውን ቀለበት አገኘ። እዚያ ቆም አለ። እርሳሱ እዚያ ማለቅ ነበረበት። ጣቷ ምልክቱን አልፎ ሄደ፣ ሄደ፣ እስከ ጫፉ ድረስ ሄደ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ገብረ ጻድቅ ከበሩ ላይ ሆነው።

እናቷ እርሳሱን በመዳፏ ጨበጠችው።

«አጎቴ፣ ይቀመጡ» አለች ወለተ ጊዮርጊስ። «ጋሼ ሸሪፍ እርሳስ አድርጊ አሉኝ፤ አላደረግሁም። ቁልፉ ውስጥ ያለው ቅባኑግ ነው፤ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያሽትቱት።»

ገብረ ጻድቅ ከበሩ ተመለሱ። ዱላቸውን ከግድግዳው አስደገፉ፣ ቁልፉንም ከመሬት አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ኑግ ኑግ ሸተታቸው።

እናቷ እርሳሱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ወደ ልጇ ግን አላየችም።